ገጹ ሲከፈት ምን ይታይ?

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። የአንድ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ማመሳከሪያ ሰነድ፣ ሁላችንም ዶክመንቴሽን የምንለው፣ ገና ሲከፈት ምን ይታያል? የትኛው ክፍል ተዘርግቶ ይጠብቀናል? የትኛውስ ታጥፎ? የሚመጣው የየትኛው ቨርዥን ገጽ ነው? ምሳሌው ይታያል ወይስ ክሊክ ካልተደረገ አይወጣም? ዲፎልት የምንለው ይህንን ነው። ማንም ሰው ምንም ሳይነካ የሚያገኘውን።

በዚህ ነገር ሰዎች ለወራት ሲከራከሩ አይቻለሁ። እኔም ገብቼበት ተከራክሬያለሁ። ተሳስቼም ነበር። ከዚያው ልጀምር።

በትርፍ ጊዜዬ የማግዘው አንድ የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ ማለትም ማንም ወስዶ የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ፣ አለ። ከዋና ዋና ገጾቹ አንዱ ከዘጠና በላይ ሜተዶች፣ ማለትም በስማቸው ሲጠሩ አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች፣ ይዟል። ገጹ ረጅም ነው። ወደ ታች ቢስቡት ቢስቡት አያልቅም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ቀረበ። የሜተዶቹ ማብራሪያ ሁሉ ይታጠፍ፣ ስሞቹ ብቻ ይታዩ፣ ማንበብ የፈለገ ስሙን ክሊክ አድርጎ ይዘርጋው የሚል። ይህን ሐሳብ በሙሉ ልቤ ደገፍኩት። ገጹን በአንድ እይታ ማየት ይቻላል፣ ዓይንም ያርፋል አልኩ። ከመካከላችን የተቃወመ አልነበረም ማለት ይቻላል። ለውጡ ገባ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኮድ መጻፍ ከጀመረች ብዙም ያልቆየች ልጅ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ላይብረሪውን ለሥራዋ ትጠቀምበታለች። ከአንድ ዝርዝር ውስጥ የተደጋገሙትን አውጥታ መጣል ፈለገች። ጉግል ላይ ጻፈች። የመጀመሪያው ውጤት ያ ገጻችን ነበር። ከፈተችው። ገጹ ውስጥ ቃል ለመፈለግ ኮንትሮል ኤፍ ተጫነች። «ዱፕሊኬት» የሚለውን ቃል ጻፈች። ብራውዘሩ ዜሮ አላት። ምናልባት ፊደል ተሳስቼ ይሆናል ብላ እንደገና ጻፈችው። አሁንም ዜሮ። «አይ፣ የለውም ማለት ነው» አለችና ገጹን ዘጋችው። ከዚያ የራሷን ፈንክሽን መጻፍ ጀመረች።

ሜተዱ ግን ነበር። ስሙ «ዲስቲንክት» ነው። የማብራሪያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ላይ ዱፕሊኬት የሚለው ቃል በግልጽ ተጽፏል። ችግሩ ማብራሪያው መታጠፉ ነው። የታጠፈው ጽሑፍ ለብራውዘሩ ፍለጋ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ስሞቹን አንድ በአንድ ብታነብ ታገኘው ይሆናል። ግን ዘጠና ስም ነው፣ እሷ ደግሞ የምትፈልገውን ነገር እንጂ ስሙን አታውቅም። ስሙን ብታውቅማ መጀመሪያውኑ ገጹን መክፈት ባላስፈለጋት።

ሠላሳ ምናምን መስመር ጻፈች። ሠራ። ዝርዝሩ ሲረዝም ግን በጣም ቀርፋፋ ሆነ። ያኔ ሜተዱን አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ አየችውና «ታዲያ ለምን ደበቃችሁት?» አለችኝ።

ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ያ ጥያቄ ነው። ምክንያቱም እኛ ስንወስን ማናችንም «እንደብቀው» አላልንም። «እናጥፈው» ነው ያልነው። ገጹን በልባችን ለምናውቅ ሰዎች ማጠፍ ማለት ማስተካከል ነው። ምን የት እንዳለ እናውቃለን፣ ስሙን አይተን እንዘረጋዋለን። ለእሷ ግን ያው መደበቅ ነው።

እዚህ ላይ የዲፎልት ክርክር ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አለበት። ክርክሩ ላይ የሚቀመጠው በቦታው ብዙ የቆየ ሰው ነው። ሴቲንግ የት እንዳለ ያውቃል። የኪቦርድ አቋራጩን ያውቃል። ዲፎልቱ ባይመቸው በሁለት ክሊክ ይቀይረዋል። ዲፎልቱ የሚወስንበት ሰው ግን ሌላ ነው። ከጉግል ተወርውሮ ገጹ መሐል ላይ የወደቀ ነው። ሴቲንግ የሚባል ነገር እንዳለ አያውቅም፣ ቢያውቅም ለአንድ ጥያቄ ብሎ አይነካካውም። ስለዚህ ዲፎልትን የሚመርጡት ሰዎች ዲፎልት ከማያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል ናቸው። ይህን ማንም በክፋት አላመጣውም። ግን ካላሰብንበት ሁልጊዜ ወደ ራሳችን እናደላለን።

ክርክሩ ሲከር አንድ ሰው ይነሳና «ለምን ሴቲንግ አንጨምርበትም? የፈለገ ይዘርጋ፣ የፈለገ ይጠፍ» ይላል። ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ስብሰባው ይበተናል። እኔ ግን ይህ መልስ ሆኖ አይታየኝም። ማብሪያ ማጥፊያ ብንጨምርም መጀመሪያ ላይ በርቶ ይሁን ጠፍቶ የሚለው ጥያቄ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። የጨመርነው አንድ ቁልፍ ነው። ጥያቄው አልተነካም።

ሴቲንግ ራሱም ብዙ አይከተለንም። የራስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ዶክመንቴሽን እንውሰድ። ሴቲንጎቹ ጥሩ ናቸው፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሜተዶች ማብራሪያ ይታጠፍ ወይ፣ የትሬይት ኢምፕልመንቴሽን ማብራሪያ ይታጠፍ ወይ፣ ምሳሌዎች ላይ የመስመር ቁጥር ይታይ ወይ፣ የትኛው ቀለም ይሁን፣ ሁሉም ይመረጣል። ምርጫችሁ የሚቀመጠው ግን ብራውዘሩ ውስጥ፣ ሎካል ስቶሬጅ በሚባለው ቦታ ነው። ሎካል ስቶሬጅ ደግሞ ለእያንዳንዱ አድራሻ ለየብቻ ነው። የስታንዳርድ ላይብረሪው ሰነድ አንድ አድራሻ ላይ ነው። የሌሎቹ ላይብረሪዎች ሰነድ ዶክስ ዶት አርኤስ የሚባል ሌላ አድራሻ ላይ ነው። በራሳችሁ ማሽን በካርጎ ዶክ ትእዛዝ የምታወጡት ደግሞ ሦስተኛ ነው። እዚህ ያስተካከላችሁት እዚያ አይሠራም። በሥራ ኮምፒውተር የመረጣችሁት ስልካችሁ ላይ የለም። ፕራይቬት ዊንዶው ከከፈታችሁም ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰውም ቢሆን ከሚያስበው በላይ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው ዲፎልቱ ላይ ነው።

ክርክሩ የድረ ገጽ ዘመን ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መመሪያ የመጀመሪያ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 ነው። መመሪያው በቁጥር በተሰየሙ ክፍሎች ተከፋፍሏል። ዛሬ ክፍል 1 የተራ ትእዛዞች ነው፣ ክፍል 3 የላይብረሪ ፈንክሽኖች። አሁን ተርሚናል ከፍታችሁ «ማን ፕሪንትኤፍ» (man printf) ብትሉ የሚመጣላችሁ የሼሉ ትእዛዝ ነው። የሲ ፈንክሽኑ አይደለም። የሲ ፈንክሽኑን የሚፈልግ ሰው መሐል ላይ ቁጥር 3 መጨመር አለበት። ይህን ማን ነገረው? ማንም። ሲ የሚማር ሰው ገጹን ከፍቶ ያነበዋል። ስሙ ትክክል ነው። የፎርማት ምልክቶቹም ይመሳሰላሉ። የሚያነበው ግን የሌላ ነገር ማብራሪያ ነው። ከገጹ አናት ጥግ ላይ በቅንፍ ውስጥ ያለችው 1 ቁጥር ብቻ ናት የምትነግረው። የዚያች ቁጥር ትርጉም የሚገባው ደግሞ አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። እስካሁን ያወራሁት ስለ ማጠፍና ስለ መዘርጋት ነው። አንዳንዴ ግን ጥያቄው ከዚያ ይከብዳል። እውነቱ ራሱ ውስብስብ ሲሆን፣ በዲፎልት የምናሳየው ሙሉውን እውነት ነው ወይስ የቀለለውን?

ስካላ የሚባለው ቋንቋ ይህን በጣም ጥርት አድርጎ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ስካላ 2.8 የኮሌክሽን ላይብረሪውን እንደ አዲስ አዋቅሮት ነበር። ማፕ የሚባለውን ሜተድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዝርዝር አለ፣ ፈንክሽን ይሰጠዋል፣ እያንዳንዱ አባል ላይ ይሠራና አዲስ ዝርዝር ይመልሳል። በዚያ ላይብረሪ ግን የማፕ ትክክለኛ ሲግኔቸር፣ ማለትም ምን ተቀብሎ ምን እንደሚመልስ የሚገልጸው መስመር፣ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ካንቢልድፍሮም የሚባል፣ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ራሱ ፈልጎ የሚሞላው ተጨማሪ ፓራሜትር ነበረው። የሚመልሰውም ዓይነት «ዝርዝር» ተብሎ አልተጻፈም፣ ዛት በሚል የታይፕ ስም ነው የተጻፈው። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። ስትሪንግ ላይ ማፕ አድርጋችሁ ከእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ብታወጡ፣ የሚመለሰው ስትሪንግ ሊሆን አይችልም። ላይብረሪው ይህንን ሁሉ በአንድ ሲግኔቸር መሸከም ነበረበት።

ታዲያ የስካላን ሰነድ የሚያወጣው ስካላዶክ ምን አደረገ? ዩዝኬዝ የሚባል ምልክት ተጨመረለት። የላይብረሪው ጸሐፊ ቀለል ያለ ሲግኔቸር ለብቻው ይጽፋል። ገጹ ሲከፈት የሚታየው ያ ነው፤ ከጎኑ ዩዝኬዝ የሚል ጽሑፍ አለ። እውነተኛው፣ ረጅሙ ሲግኔቸር ታጥፎ ይቀመጣል። የፈለገ ይዘረጋዋል።

ይህ ልክ ነው ወይስ አይደለም? እኔ ብዙ አስቤበታለሁ። ማመሳከሪያ ሰነድ ማለት የመጨረሻው ዳኛ ማለት ነው። ኮምፓይለሩ የማያውቀውን ሲግኔቸር በዲፎልት ማሳየት ይከብዳል። አንድ ሰው የቀለለውን አይቶ ኮዱን ይጽፍና ኮምፓይለሩ ስለ ካንቢልድፍሮም ኢረር ሲያወጣበት፣ ገጹ ላይ አይቶት የማያውቀውን ስም ነው የሚያነበው። በሌላ በኩል ከመቶ ሰው ዘጠና ምናምኑ የመጣው ዝርዝር ላይ ማፕ ሊያደርግ ነው። ለእሱ የቀለለው ሲግኔቸር ውሸት አይደለም። ለያዘው ሥራ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። ስለዚህ የኔ ፍርድ የቀለለው በዲፎልት ይታይ ነው፣ ግን መቅለሉ እዚያው ይጻፍ። ስካላዶክ ይህን አድርጓል፣ ያቺ ዩዝኬዝ የምትል ቃል ዋጋ አላት። የጎደለ ነገር እንዳለ ታሳውቃለች።

በ2019 የወጣው ስካላ 2.13 ካንቢልድፍሮምን ከእነዚህ ሜተዶች አወጣው። ማፕ ራሱ ቀላል ሲግኔቸር አገኘ፣ የሚታየውና እውነተኛው አንድ ሆኑ። ከዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰነድ በዲፎልት እውነተኛውን ማሳየት ሲከብደው፣ ለላይብረሪው ሠሪዎች አንድ ነገር እየነገራቸው ነው። የዲፎልት ክርክር ብዙ ጊዜ የዲዛይን ክርክር መነሻ ነው። ስለዚህ «የገጽ ማሳመር ነገር ነው» ብለን ባንንቀው ጥሩ ነው።

ሌላ የሚያከራክር ነገር አለ፣ የተወረሱ ሜተዶች፣ ማለትም አንድ ዓይነት ከሌላ ዓይነት የሚያገኛቸው። ጃቫ ውስጥ አሬይሊስት የሚባለውን የዝርዝር ዓይነት ገጽ ክፈቱ። የራሱ ሜተዶች በሰንጠረዥ ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዱ ከአንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ ጋር። ከዚያ በታች ከሌላ የተወረሱት አሉ። እነሱ ግን ስማቸው ብቻ ነው፣ በኮማ ተለያይቶ፣ በትንሽ ሳጥን ውስጥ። ስትሪም የሚለው ሜተድ እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ ጃቫ የሚጽፍ ሰው አሬይሊስት ላይ በየቀኑ ከሚጠራቸው ሜተዶች አንዱ ነው። ግን የተገለጸው ኮሌክሽን የሚባለው ኢንተርፌስ ውስጥ ስለሆነ፣ እዚህ ገጽ ላይ አንድም ቃል ማብራሪያ የለውም።

ራስት ተቃራኒውን መረጠ። የራስት ዝርዝር የሆነውን የቬክን ገጽ ከከፈታችሁ ዝርዝር የሚደረድረውን ሶርት ታገኙታላችሁ፣ ከነሙሉ ማብራሪያውና ከነምሳሌው። ሶርት ግን በትክክል የቬክ አይደለም፣ የስላይስ ነው። ቬክ ዲረፍ በሚባለው መንገድ ወደ ስላይስ ስለሚያልፍ ነው የሚሠራው። ሰነዱ ይህን በርእስ ለይቶ ሁሉንም እዚያው ገጽ ላይ ይዘረጋዋል። በዚህ ምክንያት ገጹ እጅግ ረጅም ነው። አንዳንድ ሰው ይማረርበታል፣ ምሬቱም ይገባኛል። ግን ኮንትሮል ኤፍ ተጭኖ ሶርት ብሎ የጻፈ ጀማሪ ያገኘዋል። ማን የማን እንደሆነ ነገ ይማራል። ዛሬ ዝርዝሩን ደርድሮ ሥራውን ይጨርሳል።

ፓይተን ላይ ደግሞ አንድ ቋንቋ ውስጥ ሁለት ዲፎልት አለ። የዲክት ልዩ ዓይነት የሆነውን ኦርደርድዲክትን ድረ ገጹ ላይ ብታነቡ ከተራው ዲክት የሚለይበትን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። እዚያው ሼል ውስጥ ሄልፕ ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ከዲክት የወረሰውንም ጭምር ይዘረዝራል። ድረ ገጹን ሰው በእጁ ጽፎታል፣ ሄልፕን ደግሞ ማሽን ከኮዱ ያወጣዋል። ልዩነቱ ከዚያ ነው የመጣው።

እኔ ብጠየቅ የተወረሱት ስማቸውና የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገራቸው ይታይ፣ የቀረው ይታጠፍ እላለሁ። ስም ብቻውን ማሳየት ግን አይበቃም። ያቺ ልጅ ያስተማረችኝ ይህንን ነው፣ ሰው የሚፈልገው በስም ሳይሆን በሥራ ነው።

ስለ መጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ በጣም የምወደው ነገር አለ። የጃቫን ሰነድ የሚያወጣው ጃቫዶክ የእያንዳንዱን ማብራሪያ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ ሰንጠረዡ ላይ ያወጣዋል። ጎ በሚባለው ቋንቋ ውስጥም የፓኬጅ ዝርዝር ላይ የምትወጣው የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ይህ የማሳያ ዲፎልት ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ግን ጸሐፊዎቹን ለወጣቸው። ጃቫ የሚጽፍ ሰው ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ ለመደ። ጎ የሚጽፍ ሰው ማብራሪያውን በፈንክሽኑ ስም ጀምሮ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ለመደ። ገጹ የሚያሳየውን ነው ሰው አሳምሮ የሚጽፈው። ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር እፈራለሁ። ማብራሪያዎችን በዲፎልት ካጠፍን ከጥቂት ዓመት በኋላ ማብራሪያዎቹ ራሳቸው ይከሳሉ። ማንም የማያየውን ማን ይደክምበታል?

ለዚህ ነው የምሳሌዎች መታጠፍ የሚከነክነኝ። የጎ ፓኬጆች ማሳያ ገጽ ላይ ምሳሌዎች ታጥፈው ነው የሚመጡት። ምሳሌዎቹ እዚያው ገጽ ላይ ማስኬድ የሚቻሉ፣ አንዳንዴም ረጃጅም ስለሆኑ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ብዙ ሰው ማብራሪያውን የሚያነበው ምሳሌውን አይቶ ካልገባው ብቻ ነው። ቢያንስ አጫጭሮቹ ተዘርግተው ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ወደ ቨርዥን ልለፍ። እዚህ ላይ ፓይተን የሠራው ሥራ ሊነገርለት ይገባል። ፓይተን 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሰነዱን ዋና አድራሻ የጻፈ ሰው የሚያገኘው የፓይተን 2ን ገጽ ነበር። አዲስ የሚማር ሰው ሳያውቀው አሮጌውን ይማራል። በ2012 ኒክ ኮግላን ፔፕ 430 የሚባለውን ሐሳብ አቀረበ። ዋናው አድራሻ በዲፎልት ወደ ፓይተን 3 ይውሰድ የሚል ነው። ቀላል ይመስላል። ግን በዓለም ላይ ስንት ሊንክ አለ? ስንት መልስ፣ ስንት ጽሑፍ፣ ስንት ኮድ ውስጥ የገባ አስተያየት ወደ ፓይተን 2 ገጾች ይጠቁማል? ሁሉንም በአንድ ሌሊት ወደ 3 ብታዞሩት «ይህን ተመልከት» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ የማይዛመድ ገጽ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሐሳቡ ሁለቱን ለየ። በመግቢያው የሚመጣ ሰው ወደ አዲሱ ይሂድ፣ ወደ አንድ ገጽ ውስጥ በቀጥታ የሚጠቁም አሮጌ ሊንክ ግን የነበረውን ትርጉም ይጠብቅ።

ይህን መለየት በጣም አከብረዋለሁ። አዲስ ለሚመጣው ሰውና አስቀድሞ ቃል ለተገባለት ሰው ዲፎልቱ አንድ መሆን የለበትም። ሊንክ ቃል ነው። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ቆመ። እስከዚያ ድረስ ሁለቱም አንባቢ የሚፈልገውን ማግኘት ነበረበት።

ተመሳሳይ ችግር ዛሬም በየላይብረሪው አለ። የብዙ ላይብረሪዎችን ሰነድ በሚያስተናግደው ሪድ ዘ ዶክስ ላይ ላቴስት የሚለው ቨርዥን ገና በሥራ ላይ ያለውን ኮድ ይከተላል፣ ስቴብል የሚለው ደግሞ የወጣውን። ዲፎልቱ ላቴስት ሆኖ ከተተወ አንባቢው ገና ያልወጣ ፈንክሽን ያነባል። ኮዱ ውስጥ ይጽፈዋል። ኢረር ይመጣበታል። ሰነዱ አለ ይላል፣ ማሽኑ የለም ይላል። ጀማሪ እንዲህ ሲሆን ማንን ነው የሚጠረጥረው? ራሱን። እኔ ጠርጥሬያለሁ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ። በዲፎልት የወጣው ይታይ፣ የቨርዥኑ ቁጥርም ገጹ አናት ላይ በደንብ ይነበብ።

የቀለሙን ነገር ቶሎ ልለፈው፣ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳበት ቢሆንም ብዙ የሚባልበት አይደለም። ብራውዘሮች ከ2019 ገደማ ጀምሮ አንባቢው በመሣሪያው ላይ ነጭ ወይም ጥቁር መምረጡን ለገጹ መንገር ይችላሉ። ሰውየው ምርጫውን አንድ ጊዜ ተናግሯል። ገጹ ይስማው። አለቀ።

ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ሰው ያደከመች ሌላ ነገር አለች። የፓይተን ሰነድ ምሳሌዎች >>> በሚለው ምልክት ነው የሚጀምሩት። ምልክቱ ጥሩ ምክንያት አለው። የተጻፈውን ከመልሱ ይለያል፣ ዶክቴስት የሚባለው መሣሪያም ምሳሌዎቹ አሁንም እንደሚሠሩ የሚፈትሸው በእሱ ነው። ግን አንባቢው ኮፒ አድርጎ ፋይሉ ውስጥ ፔስት ሲያደርገው ሲንታክስ ኢረር ነው። ለብዙ ዓመታት በምሳሌው ጥግ ላይ ያንኑ ምልክት የያዘች ትንሽ ቁልፍ ነበረች። ክሊክ ሲያደርጓት ምልክቶቹንና መልሶቹን ትደብቅ ነበር። መፍትሔው እዚያው ዓይናችን ሥር ነበር። ግን ስንቶቻችን ነን ሳናያት ምልክቶቹን በእጃችን አንድ በአንድ ያጠፋነው?

ስለ ማጠፍ አንድ ነገር ሳልል ብሄድ ቅር ይለኛል። ማየት የተሳናቸው ፕሮግራመሮች ገጹን በድምፅ የሚያነብላቸውን ስክሪን ሪደር ይጠቀማሉ። ረጅም ገጽ ላይ ከርእስ ወደ ርእስ በአንድ ቁልፍ እየዘለሉ ነው የሚሄዱት። የታጠፈ ክፍል ውስጥ ያለ ርእስ ግን ለስክሪን ሪደሩ የለም። እኛ ገጹን ስናጥፍ ለዓይናችን አሳጠርነው፣ ለእነሱ ግን የመንገድ ምልክቱን ነቀልነው። እኛ ስንከራከር ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁም።

ቴክኒኩ በጥቂቱ እየተሻሻለ ነው። ኤችቲኤምኤል ውስጥ ዲቴይልስ የሚባል ማጠፊያ አለ። ክሮም ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በዲቴይልስ የታጠፈን ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል፣ ካገኘም ራሱ ይዘረጋዋል። የእኛ ገጽ ግን የሚያጥፈው በራሱ ጃቫስክሪፕት ነበር፣ ብራውዘሩ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ማጠፍ ግድ ከሆነ በዲቴይልስ ይታጠፍ። ቢያንስ ብራውዘሩ እንዲረዳን በሩን ክፍት እንተውለት።

ታዲያ እኛ ምን አደረግን? የልጅቷን ነገር ጽፌ ለቡድኑ አቀረብኩ። ስሟን ሳልጠቅስ የሆነውን ብቻ፣ ደረጃ በደረጃ። ኮንትሮል ኤፍ፣ ዜሮ፣ ሠላሳ መስመር። ቀድሞ ከእኔ ጋር ማጠፉን የደገፈ አንድ ጓደኛችን ፕራይቬት ዊንዶው ከፍቶ፣ ከጉግል ጀምሮ፣ እንደ እንግዳ ሆኖ አምስት ነገር ለመፈለግ ሞከረ። ሁለቱን አላገኘም። በስንት ዓመት ራሱ የጻፋቸውን ሜተዶች! ከዚያ በኋላ ክርክሩ አልረዘመም። የሜተዶቹ ማብራሪያ ተዘርግቶ ይመጣል። ለአጠቃላይ እይታ አናት ላይ ስምና አንድ ዓረፍተ ነገር የያዘ ሰንጠረዥ ጨመርን። የታጠፉት የተወረሱት ብቻ ናቸው፣ እነሱም የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገራቸው ትታያለች። ገጹ ከበፊቱም ረዘመ። ተቀብለነዋል።

ያልተፈታው የስልኩ ነገር ነው። ስልክ ላይ ሰንጠረዡ ብቻውን ብዙ ስክሪን ይወስዳል፣ አንድ ማብራሪያ ለመድረስ ረጅም መንገድ ነው። ግማሾቻችን ስልክ ላይ ሰንጠረዡ ይታጠፍ እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ እንደገና ልንደብቅ ነው እንላለን። እኔ የየትኛው ወገን እንደሆንኩ ገና አልወሰንኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ላይብረሪውን አይተው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ። ጥያቄ እንሰጣቸዋለን፣ እኛ ዝም ብለን እናያለን።

እዚህ ላይ ላብቃ። ጥያቄ ያለው ካለ ማይክራፎኑ እዚያ ጋ ነው።